አሮጊቷ ምን አሉ?

አፍራኮማ አያቷን ማናገር ካቆመች ዛሬ አሥራ ሁለት ቀኗ ነው።

አቆመች ሲባል ጨርሳ ዘግታለች ማለት አይደለም። እሱማ ይሻል ነበር፤ የዘጋ ሰው ይለመናል፣ ይታረቃል። እሷ ግን ጠዋት ተነሥታ «ናና፣ እንዴት አደርሽ?» ትላለች። የበቆሎውን ገንፎ ታቀርባለች፤ የደም ግፊቱን ኪኒን ከውኃው ጎን ታስቀምጣለች። ከዚያ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ ትወጣለች። አንዲት ነርስ ለማታውቀው በሽተኛ የምታደርገውን ሁሉ ታደርጋለች፤ አንድም ሳታጎድል።

ናና ቦዋቴማ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሃያ ሁለቱን የኖሩት በኩማሲ ስልክ ቤት የሰው መስመር ሲያገናኙ ነው። ስለዚህ ዝምታን ይለያሉ። የተቆረጠ መስመር ዝምታ አለ፣ የሚያለቅስ ሰው ዝምታ አለ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ ሰውየው ጥሎ የሄደበት ዝምታ ደግሞ አለ። የልጅቱ ይኼኛው ነው።

«ምን አድርጌያት ይሆን?» እያሉ አልጋቸው ላይ ይገላበጣሉ። ስለ ጸጉሯ ተናግሬያት ይሆን? ሰው ፊት «ከሳሽ» ብያት ይሆን? መቼም ይኼ አፌ አያርፍም። ደግሞስ ከስታለችኮ! አንገቷ ሥር ያለው አጥንት ወጥቷል። ሳትበላ ነው የምትውለው፤ ማን ያያታል እዚያ ቤተ መጻሕፍት?

ሐሙስ ጠዋት አላስችል አላቸውና ገንፎውን ገፋ አድርገው ጠየቋት።

«ያ የትምህርትሽ ነገር ወዴት ደረሰ፣ እናቴ?»

አፍራኮማ በር ላይ ቆመች። የምግብ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀቶች ጎን ለጎን ከተኙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ሁለቱም የማስተርስ መግቢያ ደብዳቤ ናቸው፤ ሁለቱም በዓለም አቀፍና በባህሎች መካከል ባለ ተግባቦት። መጀመሪያ የሰሙ ለት አጎቷ ቼሬሜ «ለወሬ ማስተርስ?» ብሎ ሳል እስኪይዘው ስቆ ነበር። አንዱ የአክራ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚሰጥ፣ በዓመት ከመንፈቅ የሚያልቅ፣ ከኩማሲ በአውቶቡስ የሚደረስ። ሌላው የጆሃንስበርግ ነው። ሁለት ዓመት፣ ሙሉ ወጪው የተሸፈነ። እዚያ አንዲት መምህርት አለች፤ የአፍራኮማን የጥናት ሐሳብ አንብባ በእጇ «ይህን ጥያቄ ለብዙ ዓመት ስጠብቀው ነበር» ብላ የጻፈችላት። መልሱ እስከ ቅዳሜ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ያልፋል።

«አክራን መርጫለሁ» አለች አፍራኮማ።

የናና ልብ ዘለለ። በደስታ ነው የዘለለው፤ ይሄን ለማንም አይናገሩትም። አክራ! አራት አምስት ሰዓት መንገድ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ አልጋዋ ላይ የምትተኛ ልጅ።

«የሴትዮዋስ ደብዳቤ? ያቺ መምህርት?»

«ሰው የወደደውን ሁሉ አያገኝም፤ አይደል ናና?» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ውስጥ ያለው ንዴት ቢሆን ይችሉት ነበር። ንዴት አልነበረም። የተበደለ ሰው በዳዩን እያፈረለት የሚያየው አስተያየት ነበር። በሩ ከተዘጋም በኋላ ያ አስተያየት ክፍሉ ውስጥ ቀረ፤ ናናም በደስታቸው አፈሩ።

*

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ተንኳኳ። ናና ጉልበታቸውን እያሻሹ ሲከፍቱ የቆመው ሴናኑ ነው።

ሰማያዊ ሸሚዙ ታጥቦ ታጥቦ ነጥቷል፤ የተተኮሰበት መስመር ግን ቀጥ ያለ ነው። የኬታ ልጅ ነው፣ የባሕር ዳር ሰው፤ አባቱ መረብ የሚጠግኑ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። እሱ ኩማሲ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነው። ኤዌውን ወደ ትዊ፣ ትዊውን ወደ ሐውሳ፣ ሐውሳውን ወደ እንግሊዝኛ፤ የከሳሽን ለዳኛ፣ የዳኛን ለተከሳሽ። አፍራኮማ ለመመረቂያ ጽሑፏ ሦስት ወር ችሎት ስትቀመጥ ነው የተዋወቁት። የምስክር ቃል ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን እንደሚጠፋበት ልታጠና ሄዳ፣ የራሷን ልብ እዚያ ጥላው መጣች።

«ና ግባ፤ ፀሐይ ላይ አትቁም። በልተሃል?»

«አልገባም ናና። ይቅርታዎን። ይህን ለመስጠት ብቻ ነው።» ደብዳቤውን በቀኝ እጁ ዘረጋላቸው፣ እንደ ወጉ። ግን ቀለሙ የነካው ግራ እጁን ነበር። ግራኝ ነው ይሄ ልጅ፤ እንግዲህ ሰው ፊት ስንቴ እየተጠነቀቀ ይኖር ይሆን፣ አሉ በልባቸው።

ሊሄድ ዞሮ ተመለሰ። «እቤት የለችም፣ አይደል?»

«ቤተ መጻሕፍት ናት።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው አሁን የመጣሁት» አለ፤ ዓይኑ ግን ከናና ትከሻ በላይ አልፎ ገመድ ላይ የተሰጣውን ቢጫ ቀሚሷን ነካ አድርጎ ተመለሰ። የተራበ ሰው የሰው ማዕድ እንደሚያይ፣ ቶሎ፣ በሐፍረት። ናና ያችን አስተያየት አዩዋት። ባያዩዋት በወደዱ።

ደብዳቤው በትዊ ነው የተጻፈው፤ ፊደሉ አንድ በአንድ፣ የተማሪ ይመስል። መነጽራቸውን አድርገው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ።

«የተከበሩ ናና፤ እርስዎ ‹ልጃችን ወደ ባሕር አትወርድም› ማለትዎን ሰምቻለሁ። ቃልዎን ላስለውጥ አይደለም የምጽፈው። የእኔ ሥራ ሰው ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ማድረስ ነው። የራሴን የሚያደርስልኝ ስላጣሁ ነው ብዕር ያነሣሁት። አፍራኮማ ጆሃንስበርግን ልትተው ነው። ምክንያቱ እኔ ነኝ። ‹ከሄድኩ ዎፋ ቼሬሜ አሸነፈ ማለት ነው፤ እዚያ የሚልከኝ አንተን እንድረሳ ነው› ትላለች። እኔ ሂጂ ስላት ደግሞ ‹ሰለቸሁህ› ብላ ታለቅሳለች። ናና፣ እርስዎ ይንገሯት። ከእርስዎ ቃል አትወጣም። አክራ ብትገባ በየሳምንቱ አያታለሁ፤ ለእኔ ከዚህ በላይ ደስታ የለም። ግን በየሳምንቱ የማያት የተወችውን ነገር ተሸክማ ነው። እንደዚያ ሆና ላያት አልችልም። መሰናክሉ እኔ ከሆንኩ ከመንገዱ ዞር እላለሁ።» ከሥሩ ስሙና የስልክ ቁጥሩ አለ።

ናና ሁለተኛውን መስመር ደግመው አነበቡት። ከዚያ ሦስተኛ ጊዜ፣ ጣታቸውን እያስኬዱ።

እርስዎ ማለትዎን? እኔ? እኔ መቼ አፌን ከፈትኩ?

*

እንግዲህ የሆነው ይህ ነው።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ሴናኑ ከአክስቱ ከታሲ አብላ ጋር ሁለት ጠርሙስ መጠጥ ይዞ ደጅ ሊያንኳኳ፣ ልጅቱን ለጋብቻ ሊጠይቅ፣ መጥቶ ነበር። በዚህ አገር ልጅ የእናቷ ወንድሞች፣ የዎፋዎቿ ናት፤ ስለዚህ የተቀበሉት ቼሬሜና ባዱ ናቸው፤ ሁለቱም የናና ልጆች። እንግዳው ጉዳዩን ከተናገረ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው «አሮጊቷን ጠይቀን እንምጣ» ይላሉ። ወጉ ነው። የመሬት ክርክር ይሁን፣ ጋብቻ ይሁን፣ እርቅ ይሁን፣ ያለ አሮጊቷ ቃል አይቆረጥም። ሲመለሱም «አሮጊቷ እንዲህ አሉ» ይላሉ፤ አሮጊቷ ያሉት ደግሞ ሁለቴ አይጠየቅም።

ችግሩ፣ አሮጊቷን የሚጠይቅ የለም። ወንዶቹ ከማድ ቤቱ ጀርባ አቮካዶው ዛፍ ሥር ይቆማሉ፤ አንድ የኮላ ፍሬ ይካፈላሉ፣ ስለ ኳስ ያወራሉ፣ አስቀድመው የወሰኑትን ይዘው ይገባሉ። ናና ይህን ሲያውቁ ኖረዋል። በዚያ ቅዳሜም ጉልበታቸውን አሟቸው ጓዳ ተኝተው ነበር። ማታ ቼሬሜን ሲጠይቁት «እንግዶቹ ራሳቸው ጊዜ ይሰጠን ብለው ሄዱ» አላቸው። አመኑት።

ለልጅቱስ ምን ብሏት ይሆን? እሷ መቼም ወጉን ታውቃለች፤ በወግ ብቻ አሥራ ሁለት ቀን አታኮርፍም። «የዛሬው የወግ አይደለም፤ ጓዳ ገብቼ ራሳቸውን ጠይቄያቸው ነው» ብሎ ምሎላት መሆን አለበት። ሌላ ምን ይሆናል?

ናና ደብዳቤውን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። አሁን ተነሥቶ ለልጅቱ መደወል ነው። «ውሸት ነው፣ እኔ አላልኩም» ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አልተነሡም።

ምክንያቱም፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ አንድ ሐሳብ መጣባቸው። ዝም ካልኩ አክራ ትገባለች። ዝም ካልኩ ትቀራለች። ሁለት ቀን ብቻ ዝም ማለት ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመት ዝም ላልኩት ሁለት ቀን ምን አላት? መቀነታቸውን አጥብቀው አሰሩ።

*

ዓርብ ጠዋት አፍራኮማ ላፕቶፗን ከፍታ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ነበር። ናና ከኋላዋ አለፉ፣ ተመለሱ፣ ደግመው አለፉ። ለጆሃንስበርግ የምትጽፈው ነው። ሦስት መስመር ጽፋ ታጠፋለች፤ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች። «በቤተሰብ ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል።

ከኋላ ስትታይ ቁርጥ እናቷ ናት። ያቺ ማጅራት፣ ያ ወደ ግራ ዘንበል ያለ ትከሻ። እናቷ ለንግድ ወደ አቢጃን የሄደችው አፍራኮማ አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ታመመች ሲባል ስልክ ተደወለ፤ ናና ሲደርሱ ግን ተቀብራ ቆየቻቸው። ስንቱን ሰው ከስንቱ አገር ሲያገናኙ የኖሩ ሴት ለራሳቸው ልጅ ዘገዩ። ከዚያ ወዲህ «ሩቅ» የሚባል ቃል ሲሰሙ ወሬ ይቀይራሉ። ጆሃንስበርግ ብርዱ እንዴት ነው? ማን አለ እዚያ? ሌሊት ብታተኩስ ማን ውኃ ያቀብላታል?

አፍራኮማ አንድ ድምፅ አሰማች። ለቅሶ አይደለም፤ ለቅሶ ሲታፈን የሚያመልጥ ነገር ነው።

ናና ያን ድምፅ መስማት አልቻሉም።

«አትላኪው» አሉ።

ልጅቱ ዞረች። «ምኑን?»

«እሱን። ዛሬ አትላኪው። ነገ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለኝ ብለሽኝ አልነበር?»

«ምን ይጨምርልኛል፣ ናና? አንቺ የፈለግሽው ይኸው እየሆነ አይደል? ባሕሩም ቀረ፣ ሩቁም ቀረ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። «ሁሉም ቀረልሽ።»

«ልጄ፣ አንድ ነገር ለምኜሽ አላውቅም። እስከ ነገ ብቻ።»

አፍራኮማ ላፕቶፑን ከደነችው። ናናም ጓዳቸው ገብተው በሩን ቆለፉ። ደብዳቤውን ፈትተው ቁጥሩን ደወሉ። ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ፤ በሦስተኛው ጮኸ።

«ሄሎ? ማን ልበል?»

«ናና ቦዋቴማ ነኝ። ስማኝ። ያቺ አክስትህ ኩማሲ ናት?»

ከጀርባው የፍርድ ቤቱ ኮሪደር ይንጫጫል። «አዎ… አዎ ናና። እኅቷ ጋ ናት።»

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይዘሃት ና።»

«ናና፣ ቃልዎ እኮ…»

«ቃሌን አንተ አታውቀውም። እኔም ገና አላወቅሁትም። ጠርሙሶቹን እንዳትረሳ። ደግሞ በልታችሁ ኑ፤ ባዶ ሆድ መሐላ ያዛባል። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ» አለ ሴናኑ። ድምፁ ውስጥ የነበረው ተስፋ አልነበረም፤ ተስፋ ለማድረግ የሚፈራ ሰው ፍርሃት ነበር። ናና ስልኩን ሲዘጉ የራሳቸው ልብ እንደዚሁ ይመታ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ታሲ አብላ ነጭ በሰማያዊ ለብሰው፣ ጠርሙሶቹን በጨርቅ ጠቅልለው ገቡ። ሴናኑ ከኋላቸው። ቼሬሜ ሲያያቸው ፊቱ ተቀየረ፤ ግን መጠጥ ይዞ ደጅ የመጣን ሰው ማባረር ነውር ነው።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለ ባዱ፣ ግራ ገብቶት። «መንገዱ ደህና ነበር? ደግሞ… ለምንድን ነው የመጣችሁት?»

«ባለፈው ግቢያችሁ ውስጥ አንድ አበባ አይተን ነበር» አሉ ታሲ አብላ። «አትቀጠፍም ተባልን። ሄድን። ዓይናችን ግን እምቢ አለን፤ ሌላ አበባ ብናሳየው አያይም።»

«አበባዋ እሾህ አላት» አለ ባዱ።

«እኛ ዓሣ የምንበላ ሰዎች ነን፤ እሾህ አውጥተን መብላት እናውቃለን።»

ባዱ ሳቀ። ቼሬሜ አልሳቀም። አፍራኮማ ከማድ ቤት ብርጭቆ በሳህን ይዛ ብቅ ስትል ሴናኑን አየችው፤ ብርጭቆዎቹ ተንኳኩ። ማን ጠራው? ዓይኖቻቸው ተገናኙ፤ የሁለቱም «አንተ ነህ? አንቺ ነሽ?» የሚባባሉ ይመስሉ ነበር። ሳህኑን አስቀምጣ እየሮጠች ወደ ማድ ቤት ተመለሰች።

«አሮጊቷን ጠይቀን እንምጣ» አለ ቼሬሜ ተነሥቶ። ወንድማማቾቹ በጓሮ በር ወጡ። ቼሬሜ ኮላውን ከኪሱ እያወጣ ማድ ቤቱን ዞረ፤ ዞሮም ድርቅ ብሎ ቆመ።

ናና ቦዋቴማ አቮካዶው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የበዓል ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል።

«እማ!» አለ ባዱ። «ጉልበትዎን እያመመዎት እዚህ እርጥበት ላይ ምን ይሠራሉ?»

«ልትጠይቁኝ አይደል የመጣችሁት? መንገድ ላሳጥርላችሁ ብዬ ነው። ጠይቁኝ።»

ቼሬሜ ሊስቅ ሞከረ። «እማ፣ ይሄ እኮ ወግ ነው።»

«ወጉን አውቀዋለሁ፤ አባትህ በሕይወት ሳለ ጀምሮ እዚሁ ዛፍ ሥር ስትጠይቁኝ ኖራችኋል። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ፤ የዛሬ አሥራ አራት ቀን ምን አልኩ? እርጅና ነው፣ ረስቼው ይሆናል።»

ቼሬሜ ኮላውን በጣቶቹ መሃል አሽከረከረ። ትልቅ ሰው ነው፤ የእንጨት ነጋዴ ነው፤ ሰው ይፈራዋል። አሁን ግን ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ መሰለ።

«‹ልጃችን ወደ ባሕር አትወርድም› ብለዋል» አለ ባዱ በቀስታ፣ ወንድሙን እያየ።

«እኔ? ባሕር ምን አድርጎኝ?»

«እማ፣ ለእሷ ብዬ ነው!» አለ ቼሬሜ። «መረብ ጠጋኝ ልጅ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት የሰው ወሬ ሲያመላልስ የሚውል ሰው…»

«እኔም የሰው ወሬ ሳመላልስ ነው ያሳደግሁህ።»

የማድ ቤቱ መስኮት ክፍት ነበር። ከውስጥ የሚታጠብ ብርጭቆ ድምፅ ቆመ።

«የእኅትህ ጊዜስ?» አሉ ናና። ድምፃቸው ወረደ። «አቢጃን ልትሄድ ስትል ‹አሮጊቷ ትሂድ አሉ› ብላችሁ ገባችሁ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ብትጠይቁኝ ‹ትቅር› እል ነበር። ይኸው ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ያላልኩትን ቃል ተሸክሜ እኖራለሁ፤ ሰው ሁሉ ‹ራሷ ናት የላከቻት› ይለኛል። አሁን ደግሞ ልጅቷ ባላልኩት ቃል አኩርፋኝ አሥራ አራት ቀን አለቀሰች። ለእኔ አፍ አላዘናችሁለትም?»

ቼሬሜ አጎነበሰ። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሲያለቅሱ ያየው ግን ከዛሬ በፊት አንዴ ብቻ ነበር፣ በእኅቱ ለቅሶ።

«እማ… ይቅር ይበሉኝ።»

«በኋላ። አሁን ጠይቁኝ። ባዱ፣ አንተ አፈ ጉባኤው ነህ፤ እንደ ወጉ።»

ባዱ ለአክብሮት የለበሰውን ጨርቅ ከትከሻው ዝቅ አደረገ። «እማ፣ እንግዶች ደጅ አንኳኩተዋል። መጠጣቸውን እንቀበል?»

እንግዲህ መጣ። ናና ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁት ጥያቄ ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዲህ ይከብዳል ብለው አላሰቡም። «አትቀበሉ» ቢሉ? ልጁ ይሄዳል፣ ልጅቱ ትቀራለች፤ አክራ፣ አልጋዋ፣ ገንፎው። አንዲት ቃል ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማንም ሁለቴ አይጠይቃቸውም።

«ተቀበሉ» አሉ። እጃቸው በርጩማውን ጨበጠ። «ተቀበሉና፣ ልጅቱ ደግሞ ጆሃንስበርግ ትሂድ። ሁለቱንም።»

«ሁለት ዓመት ይጠብቃታል ብለው ነው?» አለ ቼሬሜ፤ አሁን ለክርክር ሳይሆን እውነት ጨንቆት።

«እሱን ራሱን እንጠይቀዋለን። በሉ ደግፉኝ፤ ቃሌን ራሴ ነኝ የማስገባው።»

*

ሳሎን ሲደርሱ አፍራኮማ ከእንግዶቹ ቀድማ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እጆቿ የሳሙና አረፋ እንደያዙ ናቸው። ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«አንቺ አልነበርሽም?» አለች።

«አልነበርኩም።»

«ናና… አሥራ አራት ቀን…»

«ተይው። ገንፎውን አንድም ቀን አላሳረርሽውም» አሉ ናና፤ ልጅቱ እየሳቀች አለቀሰች። እዚያው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እርጥብ እጆቿን አንገታቸው ላይ ጠመጠመች። ናና በዚያ አረፋ ልብሳቸው እንደተበላሸ አወቁ፤ ግድም አልሰጣቸው።

ባዱ እናቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አሮጊቷ… አሮጊቷ እዚህ ናቸው። ተቀበሉ ብለዋል። እንግዲህ እንደ ወጉ ልጅቱን ሦስት ጊዜ እንጠይቃለን። አፍራኮማ፣ ይህን መጠጥ እንቀበል?»

«ተቀበሉ።»

«አፍራኮማ፣ ነገ መልሱልን ብንባል የምንመልሰው የለንም። እንቀበል?»

«ተቀበሉ።»

«ለመጨረሻ ጊዜ፣ አፍራኮማ…»

«ቆይ ዎፋ» አለች። ወደ ሴናኑ ዞረች። ታሲ አብላ ጨርቃቸውን ጨበጡ። «ሂጂ ስትለኝ ልትገፋኝ መስሎኝ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ሴናኑ። «ችሎት ስንቱን ስተረጉም ውዬ፣ የራሴን አንዲት ቃል ለአንቺ ማስረዳት አቃተኝ። ሂጂ ያልኩሽ እንድትመለሺ ነው።»

«ሁለት ዓመት ነው።»

«ሁለት ዓመት ይሁን። ሳትሄጂ ቀርተሽ በየሳምንቱ ከማዝንብሽ፣ ሄደሽ በየቀኑ ብትናፍቂኝ ይሻለኛል።»

አፍራኮማ ከንፈሯን ነከሰች። ሦስተኛውን መልስ ለመስጠት አፏን ከፍታ ግን ወደ አያቷ ዞረች፤ ሶፋው አጠገብ ተንበረከከች።

«ናና፣ አንቺ ግን ምን ትፈልጊያለሽ? የባሕሩን አይደለም፣ የዎፋንም አይደለም። አንቺ። እንድቀር ትፈልጊያለሽ?»

ናና ቦዋቴማ የልጅቱን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ። መዋሸት ይችሉ ነበር፤ ቀላል ነበር። ግን እንዴት አድርገው? ልጅቱ የሰው ቃል ሲሻገር የሚጠፋውን ልታጠና ነው የምትሄደው።

«እፈልጋለሁ» አሉ። «እንድትቀሪ እፈልጋለሁ። ሂጂ።»

አፍራኮማ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። እዚያው እንዳለች፣ ድምፅዋ በጨርቁ ታፍኖ፣ «ተቀበሉ» ስትል ተሰማች።

ከዚያ ጠርሙሱ ተከፈተ፤ ጫጫታው ተነሣ። ቼሬሜ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለሴናኑ ራሱ አቀበለው፤ ዓይኑን ግን ገና አላነሣም። ታሲ አብላና ባዱ ስለ ዓሣና ስለ እሾህ እንደገና ጀመሩ። አፍራኮማ ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፍታ፣ በቤተሰብ ምክንያት የሚለውን አጥፍታ፣ አንድ መስመር ጻፈችና ላከች። ገና አራት ሰዓት አልሞላም ነበር። ልካ ስትጨርስ «ሄደ!» ብላ ጮኸች፤ ሁሉም አጨበጨበ።

ናና አላጨበጨቡም። ቃላቸው ከአፋቸው ወጥቶ ሄዷል፤ እሳቸው ግን እዚያው ሶፋ ላይ ናቸው። ሹራብ ያስፈልጋታል። ወፍራም። እዚያ ብርዱ የሚጠናው በሰኔ ነው አሉ፣ ሁሉ ነገር ተገልብጦ። ምን ዓይነት አገር ነው?

ሴናኑ ብርጭቆውን ሳይነካው ይዞ መጣና ከእሳቸው ፊት ተቀመጠ፤ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ላይ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አፍራኮማ እንዳትሰማ።

«ናና፣ እውነቱን ልንገርዎ?»

«ንገረኝ።»

«እኔም ፈርቻለሁ።»

ናና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት። ከዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት የአንድ ሌሊት አይደለም። ከስቷል፤ እሱም ሳይበላ ነው የከረመው። ማን ያየዋል እዚያ ፍርድ ቤት? ጉልበታቸውን እየያዙ ፈቀቅ አሉና ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

«ና ልጄ» አሉት። «ከመሬት ተነሥ። እዚህ አብረን እንፍራ።»